የአያ ይግዛው መቀመጫ

አያ ይግዛው ሞቱ ብለው የነገሩኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ምስር እየለቀምሁ ሳለ ነው። ወሬውን ያመጣው ከሰሊጥ ማሳዎቹ አገር፣ ከመፋዛ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የአርማጭሆ ሰው ነው፣ ከእኔ ዘንድ ሳይበላ አያልፍም። ያን ቀን ግን ምግብ አላዘዘም። ቆቡን አውልቆ ቆመና «እታለም፣ እግዜር ያጥናሽ። አያ ይግዛውን ራሀድ ወንዝ ዳር ቀበሯቸው አሉ» አለኝ። ራሱ አላየም፤ ሰው ነግሮት ነው። እኔ ግን ማን አየ፣ ማን ቀበረ ብዬ አልጠየቅሁም። ሰፌዱን ከነምስሩ ለቅቄ ጮኽሁ።

ወሬው ሐሰት ነበር። ከወዲሁ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ፤ የእኔው ልብ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላረፈም። አያ ይግዛው አልሞቱም። አሁን ይህን ስጽፍ በመስኮቴ በኩል ይታዩኛል፣ ባምያዬን እየተሳደቡ ነው። የማይረሳ ሰው ተብሎ የሚጻፍለት ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው ነው። እኔም መጻፍ የጀመርሁት በልቅሶው ሰሞን፣ ሌላ የምሰጣቸው ነገር ቢጠፋኝ ነበር። በሕይወት ሲመጡ ወረቀቱን ልቀደው አሰብሁ። ኋላ ግን ሰው በቁሙ ቢመሰገን ምን አለበት ብዬ ቀጠልሁበት።

አያ ይግዛው ሳሉግ ናቸው። ሳሉግ የሚባለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ፣ መከር ሲያልቅ ወደ አገሩ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ ነው። እሳቸውም በየዓመቱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ይወርዱና ሰሊጥ አጭደው ይመለሱ ነበር። አንድ ዓመት ጉልበታቸውን አመማቸውና ሳይመለሱ ቀሩ። «ለሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ» አሉ። የሚመጣው ዓመት መጣ፣ ሌላም መጣ፣ ሌላም። ሰው «አያ ይግዛው፣ እዚሁ ቀሩ እኮ» ሲላቸው ግን ይቆጣሉ። «ማን ቀረ? መከር እስኪያልቅ ነው!»

ስድሳን ያለፉ፣ ረዥም፣ አጥንታቸው የሚቆጠር ሰው ናቸው። አፈር ካዩ ማለፍ አይችሉም። ጭብጥ አድርገው ያነሡና በመዳፋቸው አፍርሰው ያሸቱታል፣ ከዚያ በዚያው እጃቸው ጺማቸውን ይዳብሳሉ። ስለዚህ ጺማቸው ዘወትር አፈር አለበት። ሌላም አመል አላቸው፤ አይቀመጡም። ምግብ ሳቀርብላቸው ወይ ቆመው ይበላሉ፣ ወይ ከዚሩ አጠገብ ቁጢጥ ይላሉ። ዚሩ መንገደኛ ሁሉ እንዲጠጣበት በር ላይ ያቆምሁት ትልቅ የሸክላ እንስራ ነው። «ኧረ አረፍ ይበሉ አያ» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ሳሉግ ከተቀመጠ ይቀራል።»

እኔ ከገዳሪፍ ገበያ አለፍ ብሎ ሁለት ክፍልና አንድ ሆሽ ተከራይቼ ምግብ እሸጣለሁ። ሆሽ እዚህ የሚሉት ከቤቱ ፊት ያለውን ግቢ ነው። ርዝመቱ ዐሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን፣ ስፋቱም ዐሥር ቢሞላ ነው። ኑሮዬ ሁሉ ያለው በዚያ ነው፤ ክፍሎቹ ለመኝታና ለማብሰያ እንጂ ሰው አያስተናግዱም። አያ ይግዛው እጅ ከማድረጋቸው በፊት ግን ግቢው ግቢ አይባልም ነበር። መሐሉን የላስቲክ ወንበር ሞልቶታል። ከወንበሮቹ ሥር ቲማቲምና ቃሪያ ተክዬ ሰው ይረግጥልኛል። በምዕራቡ አጥር ላይ አንድ ያረጀች ጀሃነሚያ አለች። ያቺን ወረቀት የመሰለ ቀይ አበባ የምታወጣውን፣ እሾኻሟን ሐረግ ሱዳኖች በጀሃነም ስም ይጠሯታል። እሷም ማዕዘኑን ይዛ የሰው ልብስ ትቀድዳለች። እኔ ቆርጬ ልጥላት በየጊዜው እዝት ነበር።

የሆሹ ባለቤት ሐጅ ኢድሪስ ናቸው። የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፣ ከሐበሻ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሠሩ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲፈልጉም ይናገራሉ። በየዓርቡ ከስግደት መልስ ብቅ ይሉና ግቢውን በዓይናቸው ዞር ዞር ያደርጉታል። «ያ ቢት» ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ይህ ቦታ እንዲሁ ባከነ። ለሰሊጥ መኸዘን ይሆን ነበር።» መጋዘን መሆኑ ነው። ግቢው መጋዘን ከሆነ እኔ ምግብ የምሸጠው የት ነው? ወደ መተማ ልመለስ ብል ትቼው የመጣሁት ቤት የለም።

አንድ ቀን ይህንኑ ለአያ ይግዛው አወራኋቸው። በጣም አላዘኑልኝም። አፈሩን አነሡ፣ አሸቱ፣ ጺማቸውን ዳበሱ።

«ሰውየው ለምን አያፈርሰው?» አሉ። «ምን አለበትና? ሰው የተቀመጠበትን አያፈርስም። ሐጁ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቆሞ ነው የሚሄድ።»

«ወንበር ሞልቶ?»

«ወንበር ሁሉ መቀመጫ አይሆንም ልጄ።»

በማግሥቱ ከገበያ ስመለስ ግቢዬ ውስጥ አንድም ወንበር የለም። አያ ይግዛው ሁሉንም ደራርበው በገመድ ጠፍረው ከጓሮ አቁመዋቸዋል። ሹፌሮቹ ፉላቸውን ይዘው ቆመው ያጉረመርማሉ። «ምነው አያ፣ ደንበኛ ሊያባርሩብኝ ነው?» ብዬ ጮኽሁ። እሳቸው ከግቢው የኒም ዛፍ ተደግፈው ሰው ይመለከታሉ። «ዛሬ ወንበር የለም። ሰዉ ራሱ የት እንደሚያርፍ ልይ» አሉኝ። ጠዋት ሰዉ ሁሉ ወደ ምሥራቁ አጥር ተጠጋ። ቀትር ላይ ከኒሙ ሥር ተሰበሰበ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደንበኞቹ፣ ያን ሁሉ እሾህ እያዩ፣ ጀሃነሚያዋ ጥላ ሥር ቁጢጥ አሉ። ባረፉበት ባረፉበት አያ ይግዛው ችካል ይተክላሉ። ማታ ላይ ግቢው ችካል በችካል ሆነ።

ውሃውንም የነገሩኝ ያን ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ ውሃ በአህያ ከሚጎተት ካሮ እየገዛሁ፣ ለአትክልት ሲሆን እጄ ይያዛል፤ ለዚህም ነው ቲማቲሜ የሚጠወልገው። «አንቺ ቤት በቀን አምስት ጊዜ ይዘንባል» አሉኝ። «አንቺ ግን ዝናብ የለም ትያለሽ።» እስላም ደንበኞቼ ለሶላት ሲታጠቡ ኢብሪቅ በሚሉት ማንቆርቆሪያ የሚያፈስሱትን ውሃ ማለታቸው ነው። ያ ሁሉ ውሃ በየትም እየፈሰሰ ጭቃ ከመሆን በቀር ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ነውር እንዳይሆን ብዬ አንዱን ሽማግሌ ደንበኛዬን ጠየቅሁ። «ተክል ማጠጣት ሰደቃ ነው፤ ይልቅ እስከ ዛሬ ለምን ቆየሽ?» ብሎ ገሠጸኝ።

እንግዲህ አያ ይግዛው መታጠቢያውን ከአትክልቱ መደዳ ራስ ላይ አደረጉት። ከሥሩ በተሰባበረ ጡብ ቦይ ቀየሱለት። የሶላት መታጠቢያው፣ የውዱው ውሃ፣ ጅርጅር ወደሚሉት ጥሬውን ወደሚበላ ቅጠል፣ ወደ ባምያውና ወደ ቃሪያው ይወርዳል። እጅ የታጠበበት ሳሙናማው ውሃ ለብቻው ዞሮ ወደ አበባው ይሄዳል። «ሳሙና የነካው ለሚታይ፣ ንጹሑ ለሚበላ» ይሉ ነበር። ከዚሩ የሚንጠባጠበውም አልቀረም፤ ከሥሩ ለሻይ የሚሆን ናዕናዕ ተከሉበት። መደዳዎቹን ከፀሐይ የሚያስጥሉት ከማሳ ተሸክመው ባመጡት የሰሊጥ አገዳ ነው፤ እንዲያ ካልሆነ የገዳሪፍ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቅና ሥሩን ይቆርጠዋል። ዳር ዳሩን ደግሞ ሱፍና ጽጌረዳ፣ በበሩ በኩልም ሂና አደረጉ። እኔ አበባ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። «አበባ አጥር ነው» አሉኝ። «ሰው ቃሪያ ይረግጣል፤ አበባ መርገጥ ግን ያፍራል።»

ጀሃነሚያዋን ልቁረጣት ስል ግን እጄን ያዙኝ። «ሐጁ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላየሁም። እኔ የማየው ፊታቸው ተቆጥቶ እንደሆን ነበር። «እንግዲያው ቢላሽን መልሺ።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነው። ስሕተቱ የመጣው ከመደቡ ነው። እንደ አገራችን፣ ከኒሙ ሥር በጭቃና በጡብ የጸና መደብ እንሥራ አሉ፤ እኔም ደስ አለኝ። ጎንደሬ መቀመጫ ሲያስብ መደብ ነው የሚታየው። በጭድ አቡክተው፣ ለስነው፣ አሳምረው ሠሩት። ደንበኞቼም ወደዱት። ከዚያ ኸሪፉ ገባ፣ ክረምቱ ማለት ነው። ዋልካው ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ማለቱን ሁለታችንም ረስተነዋል። መደቡን ከሥሩ ገፋው፤ ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። አያ ይግዛው ስንጥቁን በጭቃ ለስነው ደፈኑት፣ እኔም አየሁና ዝም አልሁ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሐጅ ኢድሪስ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ከመስጊድ መጡ። ዝናብ ያዛቸውና፣ ስንት ዓመት ቆመው ሲሄዱ የኖሩት ሰውዬ፣ ዕለቱን ሊቀመጡ ፈቀዱ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ገና ከማረፋቸው መደቡ ከወገቡ ተከፍሎ ሰመጠ። ሐጁም አብረው ሰመጡ። እግራቸው ወደ ላይ፣ ጀላቢያቸው ጭቃ ውስጥ። እኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ፤ ምድር ግን ዕለቱን ሐጁን ስትውጥ ስለነበር እኔን አላዳመጠችኝም። ሁለት ሹፌሮች ብብታቸውን ይዘው አነሧቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መከር ሲያልቅ ግንበኛ አመጣለሁ። መኸዘኑን እሠራለሁ፤ ኸላስ፣ አበቃ» አሉና በዝናቡ ወጡ።

ሦስት ቀን አልቅሼ ዋልሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ጥፋቱ የሁለታችንም መሆኑን እያወቅሁ በአያ ይግዛው ላይ ወረድሁባቸው። «ሰው የተቀመጠበትን አያፈርስም ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ተቀምጦ ሊያፈርሰው ነው!» እሳቸው የተሰበረውን መደብ በመዶሻ አፍርሰው አወጡት። በአራተኛው ቀን «አገሩን ባገሬው፣ ሰርዶን በበሬው ይባል የለም? ሳንጠይቅ ነው የተሳሳትን» አሉና ከሰፈራችን ዳር ገመድ እየሸረበ አንገሬብ የሚሠራ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ። አንገሬብ በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው፤ እዚህ አገር ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል፣ በሬሳም ጊዜ ይሸከሙበታል። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ አሉ። «በዚህ አፈር ላይ ግድግዳ እንኳ እግር አውጥቶ ይሄዳል፤ አንተ መቀመጫ ትተክላለህ?»

አያ ይግዛው እዚያው ቁጢጥ ብለው የገመዱን ጠለፋ ተማሩ። የተሰባበሩ አሮጌ አንገሬቦች ለምነው አምጥተው ጠገኑ፣ ጠለፏቸው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ለምሥራቁ አጥር፣ አንዱ ለኒሙ፣ አንዱ ለጀሃነሚያዋ። እግራቸውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆሟቸው። መሬቱ ሲያብጥ ሳብ፣ ሲሰነጠቅ ገፋ ማድረግ ነው። ከዚያም መደዳዎቹን እንደገና አፍርሰው ወደ አንገሬቦቹ አስጠጓቸው። አንድ ክንድ እንኳ አላራቋቸውም። ሰው ፉሉን እየበላ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ጅርጅርና ቃሪያውን ራሱ ቀጥፎ ይበላ ዘንድ ነው። ልኩን የሚወስዱት በእኔ ነበር። «ተቀመጪ። እጅሽን ዘርጊ። ደረሰ?» ይሉኛል። አልደረሰም ካልሁ አፈሩን በአካፋ ይገፉታል።

«የእኔ እጅ አጭር ነው፤ ለምን እርስዎ ተቀምጠው አይለኩትም?» አልኋቸው።

«ሳሉግ ከተቀመጠ ይቀራል። አንቺው ዘርጊ።»

ጀሃነሚያዋን በመጨረሻ ነው የነኳት። ቆርጠው አልጣሏትም፤ እሾኻሙን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ብቻ እየለቀሙ መለመሉ። ላይኛውን በሽቦ ስበው እንደ ዳስ አለበሱት። ከሥሯ ያለውን አንገሬብ ሰባት ጊዜ ያህል አነሥተው አዛውረዋል። አንዴ ወደ በሩ ያዞሩታል፣ አንዴ ወደ አጥሩ። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግንዷ አደረጉት። ደንበኛ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ይቀመጣል ወይ ብዬ ተከራከርኋቸው፤ አልሰሙኝም።

ሰሊጡ ተወቅቶ ገበያ ሲገባ ሐጅ ኢድሪስ እንዳሉት አደረጉ፤ ግንበኛውን ይዘው መጡ። ግንበኛው ሲባጎና ችካል ይዟል። የወጥ ቤቱን መቃን ያዝሁ። አያ ይግዛው ግን ከዚሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ናዕናዕ ይቆርጣሉ፣ ቀና እንኳ አላሉም። የአስር ሶላት፣ የከሰዓት በኋላው፣ ደርሶ ስለነበር ሐጁ ኢብሪቅ ጠየቁ። ታጠቡ። ውሃው በቦዩ እየተንኮለኮለ ወደ ጅርጅሩ ሲወርድ ቆመው ተከተሉት፤ እስከ መደዳው መጨረሻ ተከትለውት ሄዱ። መጨረሻው ላይ ያለው አንገሬብ የጀሃነሚያዋ ነው። ቆም አሉ። ገመዱን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ያለፈውን አልረሱም። ከዚያም ተቀመጡ።

ግንበኛው ሲባጎውን ይዞ ይጠብቃል። እኔ በልቤ ያወቅሁትን ጸሎት ሁሉ ጨረስሁ።

«ይህችን ማን ነው ያበጃት?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ብለው አበባውን እያዩ።

«አያ ይግዛው ናቸው፣ ሐጅ።»

«ኑራ ናት የተከለቻት» አሉ። ኑራ የሞቱባቸው ሚስታቸው ናቸው። «መጀመሪያ የተጋባን ጊዜ እዚህ ቤት ነበርን። እሾህ ምን ያደርግልሻል ብዬ ስንት ተጣልቻታለሁ።» ከዚያ በኋላ ሰግደው፣ ከዚሩ ውሃ ጠጡና ወደ ግንበኛው ዞሩ። «ተወው፤ መኸዘኑን ሌላ ቦታ እንሠራለን።» ግንበኛው ሲባጎውን ጠቀለለ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስሁ፤ የእፎይታ ልቅሶ ነበር። ስወጣ አያ ይግዛው ያው ናዕናዑን እየቆረጡ ነው። «ሥሩ ካልተነቀለ አይደርቅም አላልሁሽም?» አሉኝ፣ ስለ ናዕናዑ የሚያወሩ መስለው።

ከዚያ ወዲህ ሐጅ ኢድሪስ በየቀኑ አስር ላይ ይመጣሉ። የሱዳኑ ጦርነት መጥቶ ከተማው በተፈናቃይ ሲሞላም አልቀሩም። ግቢዬ የስንቱ ማረፊያ ሆነ፤ ስንቱ በዚያ አንገሬብ ላይ ጋደም ብሎ ከመንገዱ ተንፍሷል። አያ ይግዛው ግን ባለፈው ኸሪፍ እንደ ልማዳቸው ለአረም ወደ መፋዛ ወረዱ። አይሂዱ፣ ጊዜው ክፉ ነው፣ ጉልበትዎም አይችልም ብዬ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ ሥራዬ ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ወደዚያ ተጠጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ስልካቸው ዝም አለ። ከዚያ ያ ሹፌር ቆቡን አውልቆ መጣ።

ልቅሶውን የተቀመጥነው በዚያው ግቢ ነው። እሳቸው በጠለፉት አንገሬብ ላይ፣ አንድም ቀን ባልተቀመጡበት። ሐጅ ኢድሪስ ሦስቱንም ቀን መጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሙታን ጸሎታቸውን ፋትሓ አደረጉላቸው። በሦስተኛው ቀን ነገሩ እየከነከነኝ ተናዘዝሁላቸው። «ሐጅ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ አንገሬብ እዚያ የተቀመጠ ለእርስዎ ተብሎ ነበር። ሰው የተቀመጠበትን አያፈርስም ብለው ነው እሳቸው ያደረጉት።»

ሐጁ ጥቂት ፈገግ አሉ። «ያ ቢት፣ እኔ ሕፃን ነኝ? ፊቱን ወደ ግንድ አዙሮ መቀመጫ የሚያደርግ ሰው አለ? አውቄ ነው የተቀመጥሁት።»

በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ጥሩነሽ ዲኺ?» አለችኝ አንዲት ሴት፤ በትግርኛ ጥሩነሽ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አዎ አልኋት። ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ነው የምደውለው፣ አንድ ሽማግሌ ቁጥርሽን አሁን ገና አስታወሱት ብላ ስልኩን ሰጠች። መጀመሪያ ሳል ሰማሁ።

«የዚሩን ውሃ ማን እየሞላው ነው?» አለኝ ድምፁ።

«አያ? እርስዎ... ሞተው የለም እንዴ?»

«ማ? እኔ? መከር ሳያልቅ?»

ጮኽሁ። ደንበኛው ሁሉ ሌላ መርዶ የመጣ መስሎት ተነሣ። ደረቴ ላይ ዘጠኝ ቀን የተጫነኝ ድንጋይ ወርዶ ስስቅ፣ ስስቅ፣ ሰው ያበድሁ መሰለው።

ከሳምንት በኋላ ይዟቸው የነበረው ወባ ለቀቃቸውና በረክሻ ደጄ ላይ ወረዱ። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። እልል ብዬ ላቅፋቸው ስሮጥ በእጃቸው ገለል አድርገውኝ ቀጥታ ወደ ቦዩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ውሃውን በጣታቸው ነክተው አሸቱት። «ሳሙናውን ወደ ጅርጅሩ ለቃችሁታል!» ብለው ተቆጡ። በዚያ ቁጣ ደስ ያለኝን ያህል በሠርጌም ደስ አላለኝም።

ሐጅ ኢድሪስ ከአንገሬባቸው ተነሡ። ለማንም ሲነሡ አይቼ አላውቅም። «ይግዛው፣ ና። ተቀመጥ» አሉ በአማርኛ።

አያ ይግዛው የተለመደውን መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አልወጣላቸውም። ራሀድ ዳር የተቀበረው ማን እንደሆነ የነገሩን ያን ጊዜ ነው። አብሯቸው ሲሸሽ የነበረ ሌላ ሳሉግ ነው፣ የላስታ ሰው። ታሞ ነበርና ጋቢያቸውን አልብሰውታል። እሳቸውን ወባው ጥሏቸው ሌሎች ሸሺዎች ወደ መጠለያው ወስደዋቸው ነበርና፣ ኋላ የቀበሩት መንገደኞች ጋቢውን አይተው ነው እሳቸው ናቸው ያሉት።

«ያ የላስታ ሰው፣ ‹አያ ይግዛው፣ ትንሽ ቁጭ ልበል› አለኝ» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ሳሉግ ከተቀመጠ ይቀራል፣ ተነሥ ያልሁት። ሁለት ጊዜ አስነሣሁት። በሦስተኛው ግን ዝም ብዬ አጠገቡ ቆምሁለት። ምን ነበረበት ቁጭ ብልለት?»

ሐጁ ክንዳቸውን ያዙና «መከሩ አልቋል፣ ወንድሜ። ተቀመጥ» አሏቸው።

አያ ይግዛው ገመዱን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ራሳቸው የጠለፉትን። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እንባቸው በጺማቸው ውስጥ ወደ አፈሩ ወረደ። እኔ ፉሉን አቅርቤ ቆምሁ። አንድ ሁለት ጎረሱ። ሲጎርሱ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፣ ከመደዳው አንድ የጅርጅር ቅጠል ቀጠፉ፣ አዩትም።

«ለካ ይደርሳል» አሉ።